ሁሉም በአንድ ቋት

ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረቀ። የድርጅቱ ፕሮግራሞች ሁሉ የተቀመጡት በአንድ የጋራ የኮድ ቋት ነበር፤ ቁልፉን ከተጫነችው፣ ለሱቅ ደረሰኝ ብላ ወደ ላይ እንዲያጠጋጋ የለወጠችው የቁጥር ማጠጋጊያ ኮድ፣ ሆስፒታል በተኛችው እህቷ ክንድ ላይ የተሰካው የማስታገሻ መድኃኒት መስጫ ማሽን የሚሰጠውንም መጠን ወዲያው ከፍ ያደርገዋል።

«አንቺ፣ ምን ይገትርሻል? ፍተሻው ሁሉ አልፎ አረንጓዴ ነው እኮ!» አለ አለቃዋ ከኋላዋ።

«የሆስፒታሉ ሳይፈተሽ ነው አረንጓዴ የሆነው። ፍተሻውን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኛ! ሥራ እየጎተተ አቃጠለኝ። በይ አታካብጂ።» በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ ቁልፉን ተጫነው።

ስልክ ደወለች። እህቷን የምታስታምመው እናቷ አነሳች።

«እማዬ፣ መርፌውን ከክንዷ ላይ አስነቅይ! አሁኑኑ!»

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ስታቃስት ውላ፣ ገና አሁን ዝም አለች።»