ሦስት ሰከንድ

ዶክተር ታኔቫ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀምረዋል። ልጄ ኢስክራ ፊት ለፊታቸው ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳትሆን የሠርግ ሚዜ ትመስላለች።

"ወይዘሮ ዝላትካ፣ ልጅዎ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ ትቀልዳለች። ኦቲዝም አይመስለኝም። ዓይናፋር ናት እንጂ።"

ኦቲዝም እንዳለባት የሚመሰክር ወረቀት ከሌለ ትምህርት ቤቱ ረዳት አይመድብላትም። መምህሯ ዘንድ መልአክ ናት። ቤት ስትገባ ግን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ትዘረራለች፤ ክንዷን እስኪደማ ትነክሳለች። ይህን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ዶክተር በትሕትና ሰምተው፣ እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳላዩ ነገሩኝ።

ኢስክራ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ትስቃለች። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የቦያና ሳቅ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቃት" እላለሁ። "ኢስክራ፣ ዶክተርን ስታዪያቸው ምናቸውን ነው የምታዪው?"

"የቅንድባቸውን መሃል" ትላለች፣ ፈገግታዋ ሳይነቃነቅ። "ሦስት ሰከንድ። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ እንደገና ሦስት ሰከንድ። ቦያና እንደዚህ ነው የምታደርገው።"

ብዕሩ ይቆማል። ዶክተር ዛሬ ለምን እንደ ቦያና መሆን እንዳስፈለጋት ይጠይቋታል።

"እማዬ ጠዋት እንዳታሳፍሪኝ ብላኛለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ብያታለሁ። አዲስ ካልሲ እያጠለቅኩላት፣ እናቴ እኔን ትለኝ እንደነበረው ብያታለሁ። እዚህ ሩሴ ከተማ ውስጥ ልጇን ሳታጥብና ሳታስጠነቅቅ ሐኪም ዘንድ የምትወስድ እናት የለችም።

ኢስክራ ወደ እኔ ትዞራለች። "ማቆም እችላለሁ?"

"አቁሚ፣ ልጄ።"

ፈገግታው ባንዴ ይጠፋል። ከወንበሯ ወርዳ ጠረጴዛው ሥር ትገባና ጆሮዎቿን ትይዛለች። "መብራቱ ይጮኻል" ትላለች። "ከገባን ጀምሮ ይጮኻል።"

ዶክተርም እኔም ወደ ጣሪያው ቀና እንላለን። እኔ ምንም አይሰማኝም።

ዶክተር ታኔቫ የጻፉትን መስመር ይሰርዛሉ። ከዚያ ተነስተው መብራቱን ያጠፋሉ።

ጠረጴዛው ሥር ሁለት ትንንሽ እጆች ቀስ ብለው ከጆሮ ላይ ይወርዳሉ።