ማጣሪያዋ ውስጥ

መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ አሮጌዋ ላዳ ሁለት ወንድማማቾችን ይዛ በምርመራ ጣቢያው በር ገባች።

“ይቺስ ሐኪም ቤት ነው የሚያስፈልጋት!” አለ መርማሪው።

የጭስ ምርመራውን ካለፈች ገዢው ዛሬውኑ ይወስዳታል። “ትሸጥ” ያለው ታላቅየው ነው። የሟች አባታቸው ጠረን የቀረው እሷ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ታናሽየው ጠዋት ተደብቆ አየር ማጣሪያዋ ውስጥ ካልሲውን ወትፏል።

መርማሪው መለኪያውን ከጭስ ማውጫው ነቀለ። “ወድቃለች። ቆይ፣ ማጣሪያዋን ልየው።”

ክዳኑን ከፍቶ ካልሲውን መዘዘ። ታናሽየው እንደ ሌላ ሰው ካልሲ አየው።

“ኧረ ሌላም አለ!” ከሥሩ ጥቁር ሻርፕ ጎተተ፤ ታላቅየው በአባታቸው ቀብር ላይ አድርጎት የነበረውን። “ጋሼ፣ በሁለት ጨርቅ ታፍና እንዴት ትተንፍስ?”

ታላቅየው ቁልፉን በታናሹ መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ በእግሩ ወጣ።