ሦስት መትቶ አንድ የሚዘል

የአባቴን ደም የፈጨው፣ ሕዋሳቱን የሰባበረው ይኼ ደረቱ ውስጥ ተተክሎ የነበረ የልብ ፓምፕ ነው። ሲሞት ከደረቱ ወጥቶ ከተሰጠኝ ጀምሮ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ባትሪ የለውም። እኔም በየቀኑ ኮምፒውተር ላይ በሒሳብ የተሠራ ደም እያሽከረከርኩ፣ ደም የማይፈጭ የፓምፕ ክንፍ እነድፋለሁ።

ሒሳቡ ውስጥ ልብ አላስገባሁም፤ ፍሰቱ ወጥ መሆን ነበረበት። ዛሬ ጠዋት ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ደም እንደ ልብ መምታት ጀመረ፤ ሦስት ይመታል፣ አንድ ይዘላል። የአባቴ ልብም እንዲሁ ነበር።

“ስህተት ነው፣ አጥፊው” አሉኝ አለቃዬ።

“አላጠፋም! ክንፉ ሲስተካከል አባቴ ያርፋል።”

“ወይ እልኸኝነት!” ብለው የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀሉት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጠረጴዛዬ ላይ የአባቴ ፓምፕ መሽከርከር ጀመረ። ሦስት ዞረ፣ አንዴ ቆመ። ሦስት ዞረ፣ አንዴ ቆመ።

አለቃዬ ገመዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

“በሉ እንግዲህ” አልኳቸው፤ “ይኼንንም ይንቀሉታ!”