እትዬ ፋልጉኒ እርግዝና ሲማሩ

«ሆድዎን አይያዙ እትዬ፤ የሚያዘው ወገብ ነው» ትላለች ራሚላ።

እትዬ ፋልጉኒ እጃቸውን ከስፖንጁ ሆድ ላይ አንስተው ወደ ወገባቸው ያዞራሉ። ሆዱ ከቦምቤይ በፖስታ የመጣ ነው፤ በአምስት፣ በሰባትና በዘጠኝ ወር መጠን ይሸጣል አሉ። ዛሬ ያሰሩት የሰባቱን ነው። ነገ አህመዳባድ፣ አማታቸው ቤት፣ የሰባተኛ ወር በዓላቸው ይከበራል፤ ዘመድ ተሰብስቦ እቅፋቸውን በሩዝና በኮኮናት ይሞላላቸዋል። እውነተኛው ሰባት ወር ያለው ራሚላ ሆድ ውስጥ ነው። ይህን የምናውቀው ባልየው፣ የእትዬ እናት፣ ዶክተሯና እዚህ ቤት ያለነው ብቻ ነን።

እዚህ ቤት ዘጠኝ ሴቶች ነን፤ ዘጠኛችንም የሌላ ሰው ልጅ በክፍያ ተሸክመን በየአልጋችን ተጋድመናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኛ ቸግሮን ራሳችን አረገዝን።

«እስቲ አሁን ይራመዱ።»

እትዬ በሁለቱ ረድፍ አልጋ መሃል ይራመዳሉ።

«ሐብሐብ ሰርቀው የሚያመልጡ ነው የሚመስሉት» ትላለች ሃንሳ ከመስኮቱ ሥር። እንስቃለን፤ እትዬም አብረውን ይስቃሉ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለን ነበር።

ራሚላ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ መነሣት ታሳያቸዋለች። መጀመሪያ እግር ከፈት፣ ከዚያ እጅ ጉልበት ላይ፣ ከዚያ እህህ ብሎ ወደ ጎን። ሲያቅታቸው ደግማ ትቀመጣለች፣ ደግማ ትነሣለች። በአራተኛው አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ እግሯ ካበጠ ሳምንቱ ነው። እኔ በማየቱ ብቻ ደከመኝ።

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላስ?» ይላሉ እትዬ ስፖንጁን እያስተካከሉ። «በሦስተኛው ቀን አማቴ ልጁን ለማየት እናቴ ቤት ይመጣሉ። ስራመድ ማየታቸው አይቀርም። እንዴት ነው የሚኬደው?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» ትስቃለች ራሚላ። «ሁለቱንም ልጆቼን ቤቴ ቁጢጥ ብዬ ነው የወለድኳቸው። ምላጭ ነክቶኝ አያውቅም።» ከዚያ ሳቋ ይቆማል። «የምን ኦፕራሲዮን?»

በር ላይ የዚህ ቤት ኃላፊ ሲስተር ኮኪላ አንሶላ ታጥፋለች። ቀና አትልም።

«ነግራችኋት መስሎኝ» ይሏታል እትዬ።

«የፈረመችው ወረቀት ላይ አለ» ትላለች ሲስተር።

«እኔ መፈረም መች አውቃለሁ?» ትላለች ራሚላ። «አውራ ጣቴን ነው ያስነካችሁኝ።»

«ፊርማው እሱ ነው።»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሳያስቡት ልክ እንደ እርጉዝ ነው የተቀመጡት። «የባለቤቴ አባት ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደው መልካሙ ሰዓት ተገኝቷል። ከዲዋሊ በዓል በኋላ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ምጥ እስኪመጣ ከተጠበቀ ሰዓቱ ያልፋል።»

«እትዬ» ትላለች ራሚላ ቀስ ብላ፣ «እኔ የትምባሆ ማሳ ሠራተኛ ነኝ። የቅጠሉን እስር በአናቴ ተሸክሜ ነው የምውለው። የምትከፍሉኝ ቤት ያሠራኛል፤ የሚያበላኝ ግን ወገቤ ነው። የተቀደደ ሆድ ሸክም አይችልም። ሁለቱንም ፀሐይ ሳይሞቅ ተገላግዬአለሁ፤ ይሄንንም በሰላም እወልድልዎታለሁ። ለዶክተሯ አንድ ቃል ይንገሩልኝ። እርስዎን ትሰማለች።»

እትዬ ፋልጉኒ ጣታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ እሷን።

«አራት ጊዜ አስወርዶኛል ራሚላ። ለዕድል የምተወው ነገር የለኝም። ኦፕራሲዮኑ ለሕፃኑም ይሻላል ብላኛለች ዶክተሯ።» እንባቸው ይመጣል፣ የእውነት እንባ ነው። «አትዘኝብኝ።»

«ኧረ እሺ፣ አያልቅሱ» ትላለች ራሚላ። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ የምንለው እሺ ነው፤ እንዲህ ከብዶኝ ግን አያውቅም።

እትዬ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይጠርጉና ዙሪያውን ያያሉ። «ከእናንተ ውስጥ ኦፕራሲዮን የሆነች አለች?»

ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ለሌላ ሰው ስሸከም ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ መንታ ነበሩ፣ ቀደው ነው ያወጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳልኝ ባሌ ነው። የስድስት ወር ሆዴን ይዤ ከአልጋዬ እወርዳለሁ።

«በሦስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ መቆም የለም» እላለሁ። «ቀኝ እጅ እዚህ፣ ከእምብርት በታች፤ ስፌቱ እንዳይከፈት አፍኖ መያዝ ነው። እግር አይነሣም፣ ይጎተታል። ሳል ከመጣ ቆሞ እስኪያልፍ መጠበቅ።»

ጎንበስ ብዬ በአልጋዎቹ መሃል እሄዳለሁ። ሰውነቴ አልረሳውም፣ እኔ ሳላዘው ይሄዳል። ከኋላዬ የእትዬ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ይሰማኛል፤ ይሄኛው ትምህርት ቶሎ ገብቷቸዋል።

ግድግዳው ጋ ደርሼ ለመመለስ ዞር እላለሁ። እትዬ ፋልጉኒ አጎንብሰው፣ እጃቸውን ስፖንጁ ሥር አድርገው ይከተሉኛል። ከእሳቸው ኋላ ራሚላ ከበርጩማዋ ተነሥታ ተሰልፋለች። በባዶ እግሯ ናት፤ ቀኝ እጇን ከእምብርቷ በታች ይዛ፣ አንድ እርምጃ እንዳያመልጣት እግሬን እግሬን እያየች።