ክፍሉን በጥያቄ ያሰለቸው ዓይነ ስውር ተማሪ

«መምህር፣ ይቅርታ... ‹ይሄ› ሲሉ የቱን ነው?»

ክፍሉ በሙሉ «ኡፍፍ» አለ።

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን አንድ መጥፎ አመል አለበት... የሚያስተምረው በጣቱ ነው።

«ይሄን ከዚህ እንቀንሳለን፣ ይሄ ይመጣል፣ ወደዚህ እናሻግረዋለን፣ አለቀ» ብሎ ሰሌዳውን ያጠፋዋል።

ጠያቂው ደግሞ ዓይነ ስውር ነው።

እስቲ ንገሩኝ... «ይሄ» እና «ያ» ለዓይነ ስውር ምን ይሠሩለታል?

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። በተጠየቀ ቁጥር በረጅሙ እየተነፈሰም ቢሆን እንደገና ይጀምራል። «ከእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ላይ የክፍሉን አማካይ እንቀንሳለን...» እያለ በቃል ያስረዳል።

የመረራቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

«በዚህ ልጅ ምክንያት ኮርሱ ሳያልቅ ፈተና ሊደርስብን ነው» ማለት ጀመሩ። በየኮሪደሩ ወሬው እሱ ሆነ።

የክፍሉን ተጠሪ «አፈ ቅቤ» ነው የሚሉት። ቢሰድባችሁ እንኳ አመስግናችሁት ነው የምትሄዱት። ነገሩን የያዘው እሱ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የከፈተችው ነው። መግቢያው ላይ «እዚህ ባዕድ የለም» የሚል በትልቁ ተለጥፏል። ደስ የሚል ልማድም አላቸው። ሰው ከሰው ሲጋጭ ጉዳዩ ቢሮ ከመድረሱ በፊት ጸሎት ቤት ውስጥ ወንበር በክብ ደርድረው፣ የዩኒቨርሲቲው ቄስ ባሉበት ፊት ለፊት ይነጋገራሉ።

እናም አንድ ቀን ከጠዋት ጸሎት በኋላ ክፍሉ በሙሉ እዚያ ተሰበሰበ። መምህሩም ተጠርቶ መጣ።

አፈ ቅቤ ጉሮሮውን ጠረገ...

«ወንድማችንን በጣም እንወደዋለን። ይሄን የምንለውም ከፍቅር ነው። ለብቻው ክፍል ይሰጠው፣ አስጠኚም ይመደብለት። እሱም ይመቸዋል፣ እኛም...»

«እናንተስ?» አሉ ቄሱ።

«እኛም... እንጸልይለታለን።»

እኔን እንዲህ ያለው ፍቅር ነው የሚያንገበግበኝ። ሰውን ገፍተው እያስወጡ «ለአንተው ብለን እኮ ነው» የሚሉት ነገር። ጥሉኝ እንጂ እንዲህ አትውደዱኝ ያሰኛል።

ቄሱ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

«ከሰው ጋር መማር ነው የምፈልገው። ለብቻዬማ ቤቴም እማራለሁ።»

«እንግዲያው ጥያቄውን ትንሽ ቀነስ ብታደርግስ?»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«እሱን አልናገርም።»

ተማሪዎቹ ተንጫጩ። «አያችሁት? ግትር ነው።» ቄሱም ግራ ገባቸው። አሁን አንድ ቃል ቢናገር ይተርፋል፣ ዝም ካለ ከክፍሉ መውጣቱ ነው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

«እንግዲህ ሌላ ክፍል ይፈለግለት ይሆናል...» አሉ ቄሱ።

ይሄኔ ከልጁ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ተነሳች።

ልጆቿን አሳድጋ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው። በዕድሜ ሁሉንም ስለምትበልጥ «እትዬ» ይሏታል። ክፍል ውስጥ ድምጿን የሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

«ጥያቄው የእሱ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው።»

«እትዬ፣ ተዪው» አለ ልጁ በሹክሹክታ።

«አልተወውም። እሱ ትምህርቱን ያውቀዋል። እህቱ ክረምቱን ሙሉ መጽሐፉን እያነበበች ስልኩ ላይ ቀድታለታለች፣ ክፍል የሚመጣው ጨርሶት ነው። እኔ ነኝ የማይገባኝ። ሳይገባኝ ሲቀር ክንዱን ነካ አደርገዋለሁ፣ እሱ ይጠይቅልኛል።»

«ታዲያ ራስሽ ለምን አትጠይቂም?» አለ አፈ ቅቤ።

«ጠይቄ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሰሞን። ምን እንዳደረጋችሁ ረሳችሁት?»

መልሳቸውን አልጠበቀችም።

«ሳቃችሁ። አንዱ እንዲያውም ‹ይቺ ቤቷ ብትቀመጥ አይሻላትም?› አለ። በቃ ላቋርጥ ብዬ ደብተሬን ስሰበስብ እሱ ሳለቅስ ሰማኝ። ‹እትዬ፣ ዓይነ ስውር ሲጠይቅ ማንም አይስቅም፣ በእኔ በኩል ጠይቂ› አለኝ። እና እሱን የምታስወጡት ከሆነ እኔንም አብራችሁ አስወጡኝ። እሱ ከሌለ እኔም አልማርም።»

መምህሩ ግንባሩን ያዘ። «እኔ እኮ ሁላችሁም እየገባችሁ መስሎኝ ነበር...»

ቄሱ ክቡን አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ከእትዬ ሌላ ያልገባው አለ?»



ልጁ ጨነቀው። «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ለምን ዝም አሉ?»

«እጅ እያወጡ ነው» አለችው።

«ብዙ ናቸው?»

እትዬ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ያላወጣውን ብነግርህ ይቀለኛል።»

«አፈ ቅቤስ?»

«እሱም አውጥቷል። መሬት መሬት እያየ።»

ልጁ ከክፍሉ አልወጣም። መምህሩም ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን በሙሉ ጮክ ብሎ እየተናገረ ማስተማር ጀመረ።

ወገኖቼ... «አዘገየን» ያሉት ሰው፣ ሳይገባቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ለከረሙት ሁሉ ሲጠይቅላቸው ነበር። እነሱ ግን ለእሱ ያዘኑ መስሏቸው ሊያስወጡት ጸሎት ቤት ድረስ መጡ። አንድን ሰው «ሸክም ሆነብን» ከማለታችን በፊት፣ እባካችሁ ለምን እንደሚያደርገው እሱኑ ቀርበን እንጠይቀው። አጠገቡ የተቀመጠውንም ጭምር።

እናንተስ? ሳይገባችሁ «ገብቶኛል» ብላችሁ ዝም ባላችሁበት ቀን የጠየቀላችሁ ሰው ማን ነበር? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... «አሜን» ብቻ ጽፎ የሚያልፈውን ግን አልቀበልም።