በቅስቱ ላይ ያለው ስንጥቅ

«ይህን ትምህርት ቤት ያዳንኩት እኔ ነኝ! ሐውልቴን ከወዲሁ አስቡበት!» እያለች አንዲት ተማሪ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ትወርዳለች፤ ጥፍሯ ሥር ስቱኮ ደርቋል። የስንት ትውልድ እግር የደረጃውን መሃል እንደ ማንኪያ አጎድጉዶታል፤ እሷ ግን ዐይኗን ጨፍናም አትስተውም።

ዋናው በር ላይ፣ ከድንጋዩ ቅስት ሥር፣ መሐንዲሷ ያረጀ ፋይል ይዛ ቆማለች። የመጣችው ሕንጻው ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለውን ለመወሰን ነው። ከጎኗ ዘበኛው አሉ፤ በጎልማሳነታቸው ግንበኛ ነበሩ፣ ይህንኑ ግድግዳ ያደሱ።

«ስንጥቁ የታለ?» አለች መሐንዲሷ።

«የምን ስንጥቅ፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ ዐይኗን በጨው አጥባ። ትናንት ዴስክ በዴስክ ላይ ደርባ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍና ቀለም ቀብታዋለች።

«ፋይሉ ላይ አለ እኮ። የተለጠፉበት ጄሶዎችስ የት ገቡ?»

«እነዚያ ቡግር የሚመስሉት? ፍቄ ጣልኳቸዋ!»

ዘበኛው ክው አሉ። «በገዛ እጄ ቀን ጽፌ የለጠፍኳቸውን?»

መሐንዲሷ ፋይሉን ዘጋች። «ጄሶ ግትር ነው። ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ሠላሳ ዓመት ሳይሰነጠቅ ከኖረ፣ ግድግዳው ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም ማለት ነው። ማስረጃችን እሱ ነበር። አሁን ምን አይቼ ልፈርም?»

ልጅቷ ግን እጅ መስጠት አታውቅበትም። ቅስቱ ሥር ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች።

«እኔን አይተው ይፈርሙ! የታቹን ጥቁር ድንጋይ ከወንዝ በጀርባቸው ያመጡት፣ የላዩን ሸክላ እየተቀባበሉ የደረደሩት ወላጆች ናቸው። ይወድቃል ካላችሁ እላዬ ላይ ይውደቅ!»

«ተነሺ አንቺ ልጅ!»

«ወይ ፍንክች! እንዲያውም ወንበር አምጡልኝ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። አምስት ጄሶ በቢላዋ ስፍቅ ስውል ንቅንቅ ያላለ ግድግዳ ዛሬ ምን ሊሆን ነው?»

«አምስት አልሽ?» ዘበኛው ቀና አሉ። «እኔ የለጠፍኩት ስድስት ነው።»

ረጅሙን መሰላል አምጥተው አስደገፉ። መሐንዲሷ ከጣሪያው ሥር እስካለው ጨለማ ድረስ ወጣች። አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ባትሪ አበራች፤ በጥፍሯ መታ መታ አደረገች።

«ስድስተኛው አለ፤ ቀኑም ይነበባል። እንከን የለበትም» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። «ግድግዳው ቢንቀሳቀስ ስንጥቁ አስቀድሞ የሚሰፋው እዚህ ነው፤ እዚህ ካልተነቃነቀ የታቹ አያሰጋም። ይጠገናል ብዬ እፈርማለሁ።»

ልጅቷ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «አላልኩም? እኔ እንዲህ ተቀምጬ ባልሟገት ኖሮ እኮ፣ አባባ...»

«ኧረ ዝም በይ!» አሉ ዘበኛው መሰላሉን እንደያዙ። «አጭር ባትሆኚ ኖሮ ይሄንንም ትፍቂው ነበር።»