በመናፈሻው የቆመው የብረት ፊት

ጋሼ አሥራት በዚህ ዓለም ላይ የማይጸየፉት ነገር ቢኖር ራሳቸውን ብቻ ነበር። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በሚሠሩበት የመኪና ማቆሚያ፣ የደንበኛን መሪ በመሐረብ ካልያዙ ፓርክ አያደርጉም። ምግብ ቤት ሲገቡ ብርጭቆው በፊታቸው ካልታጠበ አይጠጡም፤ የሚታጠብበት ውኃም ቀድሞ ይታጠብልኝ ሳይሉ አልቀሩም። ሲጸየፉ የግራ አፍንጫቸው እንደ መጋረጃ ሽቅብ ይሳባል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቺን አፍንጫ ያላየ ሹፌር የለም ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው።

ጉርሻማ አይታሰብም። ከአንዲት ልጃቸው ከፅጌ እጅ በቀር ከማንም አይጎርሱም። ፅጌ ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች፤ ማታ ስትመለስ ልብሷ ጭስ ጭስ ይሸታል።

«ጀርም ስናቃጥል ነው አባዬ» ብላቸዋለች።

ጀርም መቃጠሉ እጅግ ደስ አሰኝቷቸዋል።

ፅጌ የምትወደው ልጅ ፍስሐ ይባላል፤ ቶራንስ ከተማ ውስጥ የጋራዥ በያጅ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ቸኩሏል። እሷ ግን፣ «ቅድሚያ ከእጅህ ይጉረስልህ። አባዬ ከእጅህ ከጎረሰ ሽማግሌ መላክም አያስፈልግህም፤ ካልጎረሰ ግን ጳጳስም ብትልክ አይሰማህም» አለችው።

የሎስ አንጀለሱ ኦሎምፒክ ካለፈ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ እሑድ፣ ሦስቱ ሆነው በቅርቡ የቆመ ትልቅ ሐውልት ወዳለበት መናፈሻ ሄዱ።

«መንገዱ ሜዳ ነው ጋሼ፤ ጉልበትዎን አይጎዳም» አለ ፍስሐ።

«ጉልበቴን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ጥፍርህን አሳየኝ።»

አሳየ። ከሥሩ የተቀመጠው ጥቁር ዘይት ለአንድ አውቶቡስ ሞተር ይበቃል።

«ታጥበኸዋል?»

«ሁለቴ ጋሼ።»

«ከተወለድክ ጀምሮ?»

ፅጌ የምሳውን ቅርጫት አንጠልጥላ ከፊት ከፊት ሄደች። አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው ብላለች።

መንገዱ እውነትም ሜዳ ነበር፤ ለጋሼ አሥራት ግን የመከራ አቀበት ሆነባቸው። እዚህ የውሻ ዓይነ ምድር፣ እዚያ የተተፋ ማስቲካ። ሯጮች ላባቸውን እንደ ሐምሌ ዝናብ እያዘነቡ ያልፋሉ፤ በእያንዳንዱ ላብ እሳቸው መሐረባቸውን ያወጣሉ። ከወዲያ የሚመለሱት ሰዎች ደግሞ ሲያዩዋቸው ቆም ይላሉ፣ ዞር ብለውም ያያሉ። አንድ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ጎትቶ ጣቱን ቀሰረባቸው።

«ምነው፣ ባርኔጣ አይተው አያውቁም?» አሉና ባርኔጣቸውን አቀኑ።

ከዛፎቹ ወዲያ ሐውልቱ ብቅ አለ። ቤት የሚያክል የሰው ፊት! የዛገ ብረት በብረት ላይ ተበይዶ፣ ከንፈሩ ተገልብጦ፣ ቅንድቡ ተኮማትሮ፣ አንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ከሌላው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፤ በከፍተኛው ቀዳዳ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።

«ውይ! ውይ በእግዚአብሔር!» ጋሼ አሥራት አፋቸውን ያዙ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እናቱስ እንዴት አስችሏት አጠባችው?»

«ትንሽ ቆም ብለህ እየው እንጂ አባዬ» አለች ፅጌ፤ ድምጿ ቀጠነ።

«አየሁት! ያልበላሁትን ምሳ ሊያስመልሰኝ ነው!»

ፅጌ ከሐውልቱ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የምሳውን ጨርቅ ዘረጋችና ቅርጫቱን ፈታች።

ካሜራ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት ፈረንጆች መጡ፤ እባክዎ ከፊቱ ይቁሙልን፣ ፎቶ እናንሳዎት አሏቸው። ጋሼ አሥራት አፍንጫቸውን እንደሳቡ ቆሙ። ፈረንጆቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ባርኔጣዬ ደስ ብሏቸው ነው» አሉ ሲቀመጡ።

ፍስሐ በፊታቸው እጁን በሳሙና ታጠበ። ቆዳው እስኪላጥ ነው የታጠበው። ከዚያ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ በሞቴ።»

ጋሼ አሥራት እጁን አዩ። የእሳት ጠባሳ አለበት። ቀና ብለው የሐውልቱን የብየዳ ስፌት አዩ። ደግመው እጁን አዩ።

«ስማ፣ ይህን ጉድ የበየድከው አንተ ነህ?»

ፍስሐ ፅጌን ተመለከተ። እሷ ለምሳው ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እጄ አለበት ጋሼ።»

«አውቄዋለሁ! ሚካኤልን! ይህን አስቀያሚ የወጠነ እጅ እኔን አያጎርስም! የቤቴንም ደጃፍ አይረግጥም!»

«ጋሼ፣ ይስሙኝ...»

«ምያለሁ እኮ!»

የፍስሐ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ፤ ቀስ ብሎም ወደ ትሪው ወረደ። ፅጌ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ በዚያው ፋሻ ባለበት እጇ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

«እሺ አባዬ። ከእኔ ጉረስ።»

ጋሼ አሥራት አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፍተው ጎረሱ። አፍንጫቸው ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ይሄ ነው እጅ!» አሉ እያላመጡ።

ፅጌ ትሪውን ለፍስሐ አቀበለችና ከድንጋዩ ላይ ጨርቁን አነሳች።

ከሥሩ ያለው የነሐስ ሰሌዳ በአማርኛ ፊደል «አባዬ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ፅጌ አሥራት ሠራችው»።